ጨው፥ ቃልና ተከዜ
ከሰቆጣ እስከ ሰሃላ የተደረገ የቃላት ጉዞ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የወር ደመወዝዎን ተቀብለው ወደ ቤትዎ ሲመለሱ በኪስዎ የያዙት ነገር ምን እንደ ሆነ አስበው ያውቃሉን? ብር ነው ይሉኝ ይሆናል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ግን ጨው ነው ይላል። እንግሊዞች ደመወዝን «ሳላሪ» ብለው ይጠሩታል፤ ቃሉ ከላቲኑ «ሳላሪየም» የመጣ ሲሆን ሥሩ «ሳል» ማለት ጨው ነው። እኛ ደግሞ «ደመወዝ» እንላለን፤ ቃሉን ለሁለት ከፍለው የሚያስረዱ ሽማግሌዎች ደምና ወዝ ነው ይሉናል። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በወር መጨረሻ ጨው ሲቀበል፥ ሌላው የደሙንና የወዙን ዋጋ ይቀበላል ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው ነገሩን በይበልጥ እንደሚገልጸው፥ ወሩ ሳይጋመስ ገንዘቡ ያለቀበት ጸሐፊ ይፍረድ።

ይህን ወሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከእርስዎ ጋር ልጓዝበት ያሰብሁት አገር፥ ጨው በእውነት ገንዘብ ሆኖ የኖረበት ነውና። አገሩ ዋግ ነው፤ ከተማው ሰቆጣ፤ የመንገዳችንም መጨረሻ በተከዜ በኩል ያለችው ቆላማ ወረዳ ሰሃላ ናት። ስንቃችን ዳቦ ቆሎ ብቻ አይደለም፤ አንድ እፍኝ ቃላትም እንይዛለን። የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠብቅዎ ተማሪ ቢሆኑ፥ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ በየዕለቱ ከጠረጴዛዎ ላይ የሚጣልብዎ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፥ ይህ ጉዞ ሳይጠቅምዎ አይቀርም። ከመነሣታችን በፊት አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የጨው ገበያ በሰቆጣ

ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሰው፥ መንገዱ ሰላም ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ቢፈልግ በላሊበላ፥ ቢፈልግ በቆቦና በኮረም አድርጎ ይወጣል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ነጭ ማሯ የታወቀ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ፥ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በውስጡም የጥንት የዋግ ሹማምንት ዐፅም በእንጨት ሣጥን ሆኖ ዐርፎበታል።

ድሮ ወደዚህ ገበያ የሚመጣው አውቶቡስ ሳይሆን የጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር በረሃ የተቈረጠው አሞሌ በግመል፥ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ፥ ሰቆጣ ከታወቁት ማረፊያዎችና መገበያያዎች አንዷ ነበረች። የአሞሌ ጠባይ ደግሞ ከሌላው ሸቀጥ ይለያል። ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ በመንገድ ላይ ጠርዙ ከተሰበረ ግን ዋጋው ይቀንሳል። ሰው ሲፈልግ ይገበያይበታል፤ ሲፈልግ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ቃልም እንደዚሁ ነው። ከተወለደበት አገር ተጭኖ ይነሣል፤ በየገበያው እጅ በእጅ ይተላለፋል፤ አንዳንዱ በመንገድ ይሰበራል፤ አንዳንዱ ከአገሩ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይወደዳል። እንግሊዞች ሥራውን በሚገባ የሚያውቀውን ሰው ለሚበላው ጨው የሚበቃ ሰው ነው ይሉታል። የእኛም አባቶች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለው ተርተዋል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ በአንድ ድስት ያበሰሉት ይመስላል።

ድምፅ የሌላቸው ፊደሎች

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚያዝነው በፊደሉ ነው። ቢላዋን የሚገልጸውን ቃል እንደ ተጻፈ «ክናይፍ» ብሎ ያነብባል፤ መምህሩ ግን «ናይፍ» በል ይለዋል። ታዲያ የመጀመሪያዋ ፊደል ምን ልትሠራ መጣች? «ኮሎኔል» ብሎ የሚጽፈውን የጦር ማዕረግ እንግሊዛዊው ሲያነብበው «ከርነል» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ተማሪው፥ ይህ ቋንቋ የተሠራው እኔን ለማስጨነቅ ነው ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያች ዝም ያለች ፊደል ጥንት ድምፅ ነበራት። እንግሊዞች «ክኒፍ» ብለው ይጠሩበት የነበረበት ዘመን ነበር፤ አፋቸው ድምፁን ሲተወው እጃቸው ግን መጻፉን አልተወም። ፊደሏ የአንድ የሞተ ድምፅ የመቃብር ድንጋይ ናት ማለት ነው።

በእንግሊዞች ከመሳቃችን በፊት የራሳችንን ሰሌዳ እንመልከት። ዛሬ በአማርኛ ሀ፥ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው። ሆኖም ንጉሥ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ያየ የድሮ መምህር ቀዩን እስክርቢቶ ሳያነሣ አያልፍም። እነዚህም ፊደሎች በግእዝ ዘመን የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ናቸው። የምንጓዝባት ወረዳ ስም እንኳ አንዱ ጸሐፊ ሰሃላ፥ ሌላው ሰሀላ፥ ሦስተኛው ሳህላ እያለ የሚጽፈው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲናደዱ፥ የሰሃላን ስም ያስታውሱና ይታገሡ።

ኽምጣንጋ ለእንግሊዝኛ ሲረዳ

በዋግ ኽምራ ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ አማርኛና ኽምጣንጋ። ኽምጣንጋን አንዳንዶች በአማርኛ ኽምጥኛ ይሉታል። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፥ ወንድሞቹ በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን፥ በጎጃም የሚነገረው አዊኛና ተናጋሪው እጅግ እያነሰ የሄደው ቅማንትኛ ናቸው። ሊዮ ራይኒሽ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ በ1880ዎቹ ስለዚሁ ስለ ኽምራ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሟል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዴቪድ አፕልያርድ የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር በ1987 ሰዋስዉን በአጭሩ ጽፎ አውጥቷል። የባዕድ አገር ሰዎች ያን ያህል የደከሙለት ቋንቋ፥ በገዛ አገሩ ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤት ደጃፍ አልተፈቀደለትም ነበር። ዛሬ በዋግ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በራዲዮም ይሰማል።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገርዎ። እርስዎ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ፥ በእንግሊዝኛ ንጉሥ የሚለውን ቃል «ኪንግ» ብለው በመጨረሻ ላይ ገን አጥብቀው ይጠሩታል። እንግሊዛዊው ግን ነንና ገን ለየብቻ አይጠራቸውም፤ በአፍንጫው በኩል የሚወጣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው። እኛ ይህ ድምፅ የለንም። የኽምጣንጋ ተናጋሪ ልጅ ግን አለው! የአገው ቋንቋዎች ሲጻፉ ለዚህ ድምፅ ለብቻው «ጘ» የተባለች ፊደል ተመድባለታለች። ሁለት በኽምጣንጋ «ሊጛ» ሲሆን፥ ያ የአፍንጫ ድምፅ በመካከሉ አለ። እንግዲህ የአዲስ አበባው ተማሪ በብዙ ልምምድ የሚያገኘውን ድምፅ፥ የዋጉ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ይህን የነገረው መምህር ግን ብዙ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚሰማው፥ የአገር ቤት ቋንቋህ እንግሊዝኛህን ያበላሽብሃል የሚል ተግሣጽ ነው።

የቍጥሩንም ነገር ልጨምርልዎ። በአገው ቋንቋዎች ስድስት፥ ሰባትና ስምንት ከአንድ፥ ከሁለትና ከሦስት የተወለዱ ናቸው፤ በአምስት ላይ ተጨምረው የተቈጠሩ ማለት ነው። በኽምጣንጋ ሁለት «ሊጛ» ከሆነ ሰባት «ላጝታ» ነው፤ የአባትና የልጅ መልክ አላቸው። የእንግሊዝኛም ተማሪ ከዐሥር በኋላ ያሉት ሁለት ቍጥሮች፥ «ኢለቨን»ና «ትዌልቭ»፥ ከተከታዮቻቸው ተለይተው ለምን እንዲህ እንደ ሆኑ ግራ ይገባዋል። የጥንት ትርጕማቸው አንድ የተረፈና ሁለት የተረፈ ማለት ነው፤ ዐሥሩ ጣት ካለቀ በኋላ የተረፈውን መቍጠር ነበር። የዋግ እረኛና የእንግሊዝ እረኛ ፍየልና በግ ሲቈጥሩ፥ ሁለቱም ጣታቸውን እየተመለከቱ ነበር ማለት ነው።

ይሁንና መጠንቀቅም ያስፈልጋል። በኽምጣንጋ ውሃ «አቍ» ነው፤ በላቲን ደግሞ «አኳ» ነው፤ እንግሊዝኛም ከዚያ ወስዶ የዓሣ ማኖሪያውን መስታወት «አኳሪየም» ይለዋል። ይህን ያየ ችኩል ሰው፥ ሮማውያን ከዋግ ሄዱ ብሎ መጽሐፍ ሊጽፍ ይችላል። ግን የሁለቱ መመሳሰል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። በአንጻሩ «ዶሮ»ና «አጎት» የሚሉት የአማርኛ ቃላት ከአገው ወገን የመጡ መሆናቸውን ሊቃውንት ይናገራሉ። የሚመሳሰለው ሳይዛመድ፥ የማይመስለው ተዛምዶ ይገኛል። አጎትዎን አጎቴ ብለው በጠሩ ቍጥር የአገውን ቋንቋ እየተናገሩ ነው፤ ዘመድነቱን ቃሉ ራሱ መሰከረ።

የመዝገበ ቃላቱ ሰው

የእንግሊዝኛን ቃላት ከሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ታላቁን መዝገበ ቃላቱን በ1755 ያሳተመ ሲሆን፥ ወደ 42 ሺህ የሚጠጉ ቃላት አሉበት። ቀልድም አይጠፋውም፤ የመዝገበ ቃላት ጸሐፊን ሥራ ሲተረጕም በራሱ ላይ ሳይቀር ቀልዷል።

ይህ ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉን? ስለ አገራችን ነው። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የነበረው ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ፥ ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አወጣው። የተከፈለው ዋጋ አምስት ጊኒ ነበር። በ1759 ደግሞ እናቱ በሞተችበት ወራት ለቀብሯና ለዕዳዋ ገንዘብ ቢቸግረው፥ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጠ «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ። ባለታሪኩ በተራሮች በተከበበ የምቾት ሸለቆ የሚኖር የኢትዮጵያ መስፍን ነው። የስሙ ምንጭ የአፄ ሱስንዮስ ወንድም የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደ ሆነ ይታመናል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል።

ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላየም። የእርሱ መስፍን በምቾት ሸለቆ ሲሰለች፥ በእውነተኛው አገር ግን ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረ። ዋግን ይገዙ የነበሩት ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጕዬ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር፤ የዛጕዬም መንግሥት በ1270 ማብቃቱ በታሪክ የታወቀ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት ነበረው። ዋግሹም ጎበዜም በ1868 አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1871 ነግሠዋል። እንግሊዝኛም ስብሰባ የሚመራውን ሰው «ቼርማን» ይለዋል፤ የወንበር ሰው እንደ ማለት ነው። ዳኞችንም በአንድነት «ቤንች» ብሎ በአግዳሚ ወንበር ይጠራቸዋል። በእኛም የጥንት ችሎት ዳኞች «ወንበር» ይባሉ ነበር። ሰው ሥልጣንን ማየት ስለማይችል፥ የተቀመጠበትን ዕቃ ይጠራል።

ገናን ያውቃሉን?

አሁን ወደ ምሥራቅ ዞር ብለው ኮረምን ይመልከቱ። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኃብ በጸናበት ጊዜ፥ ከዋግ ተራሮች የወረደው ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዱ ኮረም ነበር። በጥቅምት 1984 የእንግሊዝ ቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ፎቶግራፍ አንሺ መሐመድ አሚን ከዚያ ያቀረቡት የቴሌቪዥን ወሬ ዓለምን አስደነገጠ። ጥቂት ቃላት ብዙ አውሮፕላን እህል አስነሡ።

በዚያው ዓመት ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የእንግሊዝ ዘፋኞችን ሰብስበው ለእርዳታ የሚሆን ዘፈን አሳተሙ። የማኅበራቸውም ስም «ባንድ ኤይድ» ነበር። ይህ ስም ቅኔ ነው፤ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ፥ ጆንሰንና ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው፥ ቍስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ነው። ወርቁ ደግሞ «ባንድ» የሙዚቃ ጓድ፥ «ኤይድ» እርዳታ ስለ ሆነ፥ የሙዚቀኞች እርዳታ ማለት ነው። ቅኔ የእኛ ብቻ ርስት የሚመስለን ካለን፥ እዚህ ላይ እንታረም። ቅኔው ግን ወደ ባለቤቱ ተመልሶ የሚወጋ ሆነ። በእንግሊዝኛ «ባንድ ኤይድ» የሆነ መፍትሔ ማለት፥ ቍስሉን ሸፍኖ ሕመሙን የማያድን ጊዜያዊ ነገር ማለት ነውና።

የዘፈኑ ርእስ ደግሞ፥ ገና መሆኑን ያውቃሉን የሚል ጥያቄ ነበር። መልካም ልብ የጠየቀው ጥያቄ መሆኑን አልክድም፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ የቀረበለት ሕዝብ ጎረቤቱ ላሊበላ ነው። ክርስትና በኢትዮጵያ የመንግሥት ሃይማኖት የሆነው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን የዋግና የላስታ ገበሬ ነጠላውን ለብሶ፥ ስንቁን ተሸክሞ፥ በእግሩ ወደ ላሊበላ ይወርዳል። ገናን ያውቅ ነበር፤ የጎደለው እህል ነበር። አንድን ሕዝብ ለመርዳት የሚመጣ ቃል፥ አስቀድሞ ያን ሕዝብ ባይጠይቅ፥ እያበላ ያሳፍራል።

በተከዜ በኩል

ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ሰው ደጋውን ትቶ ቆላ ይገባል። ነፋሱ ይሞቃል፤ ግራሩ ይበዛል፤ በየአቀበቱ የአበርገሌ ፍየል የተባለችው ትንሽና ብርቱ ፍየል ቅጠል ስትቀነጥብ ይታያል። በተከዜ ማዶ የሰሜን ተራሮች እንደ ግንብ ቆመዋል። ይህ የሰሃላ ሰየምት ወረዳ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወንዙ ስም አንድ ነገር ላጫውትዎ። ተከዜን «ተከዜ ወንዝ» እንላለን። በግእዝ ግን «ተከዚ» ማለት ራሱ ወንዝ ማለት ነው። እንግዲህ ስንጠራው፥ ወንዝ ወንዝ እያልን ነው። በእንግሊዝ አገርም «ኤቨን» የሚባሉ ወንዞች አሉ፤ ሼክስፒር የተወለደባት ከተማ በአንደኛው ዳር ናት። እንግሊዞችም ኤቨን ወንዝ ይላሉ፤ ኤቨን ግን በአገሩ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ወንዝ ማለት ነበር። አዲስ መጤው ጣቱን ወደ ውሃው ዘርግቶ፥ ይህ ማን ይባላል ብሎ ቢጠይቅ፥ ነባሩ፥ ወንዝ ነዋ ብሎ የመለሰለት ይመስላል።

በ2009 ሥራው በተጠናቀቀው፥ 188 ሜትር ቁመት ባለው የተከዜ ግድብ ምክንያት ውሃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሆኗል። በዚህም የዋግ ቆላ ሰው ዓሣ ማስገር ጀምሯል። ቋንቋውም አብሮ ተቀይሯል፤ ጀልባ፥ መረብና ኪሎ የሚሉት ቃላት በፍየል ጠባቂው አፍ ገብተዋል። ሆኖም የሐይቁ ውሃ በታች፥ የገበሬው ማሳ በላይ ነው። ዝናብ ሲቀር ሐይቁን እያዩ መጠማት አለ። በ2023 በደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ሰሃላ ነበረች።

ስም ከመረቡ ሲወጣ

በሰሃላ ገጠር እንግሊዝኛ ያልተማረ ሽማግሌ አጥርቶ የሚናገረው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ «ሴፍቲኔት»። ይህ ስም በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረው መርሐ ግብር ጋር የመጣ ነው። በምግብ ራሱን ያልቻለ ቤተ ሰብ ጉልበት ያለው እንደ ሆነ በእርከን፥ በመንገድና በውሃ ሥራ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። አቅመ ደካማው ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳል።

የቃሉን ትውልድ ብንመረምር ወደ ሰርከስ ድንኳን ያደርሰናል። በከፍታ በተወጠረ ገመድ ላይ የሚራመደው ወይም በአየር ላይ የሚወረወረው ሰው ቢወድቅ፥ ከታች ተዘርግቶ የሚቀበለው መረብ ነው «ሴፍቲ ኔት» የሚባለው። ያ የጨዋታ ቃል ባሕር ተሻግሮ ሰሃላ ሲደርስ፥ እንደ አሞሌው ሁሉ ዋጋው እጅግ ከፍ አለ። በሰርከስ ቤት ወዳቂው አንድ ሰው ነው፤ ተመልካቹም ትኬት ገዝቶ ያጨበጭባል። በሰሃላ ግን ገመዱ ዝናብ ነው፤ በላዩ የሚራመደውም ቤተ ሰብ ከነሕፃናቱ ነው።

ከዚህም የሚብስ ቃል አለ። በእንግሊዝኛው መመሪያ አንድ ቤተ ሰብ ራሱን ቻለ ተብሎ ከመረቡ ሲወጣ «ግራጁዌሽን» ይባላል፤ በአማርኛም «ተመረቀ» ተብሎ ተተረጐመ። የእንግሊዝኛው ሥር በላቲን ደረጃ ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ መውጣትን ያመለክታል። የእኛ ቃል ግን ከምርቃት የመጣ ነው፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ እደግ፥ ተመንደግ የሚለው ነው። አሁን ራስዎን በአንዲት የሰሃላ እናት ቦታ ያኑሩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ፥ እናቴ ተመርቀዋል ቢላቸው፥ አሜን ይበሉ ወይስ ያልቅሱ? በእውነት ራሳቸውን ችለው ከሆነ ምርቃት ነው። ሳይችሉ ስማቸው ከተሰረዘ ግን፥ በምርቃት ስም ራታቸውን ያጡት ናቸው። ልጃቸው በኮሌጅ ሲመረቅ ድግስ አለ፤ እርሳቸው ሲመረቁ ግን ድግሱ ይቀራል። እናቲቱ ኽምጣንጋ ብቻ የሚናገሩ ቢሆኑ ደግሞ፥ ቃሉ በሦስት ቋንቋ ተሻግሮ ሲደርሳቸው ጠርዙ ምን ያህል እንደሚሰበር ያስቡት።

የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሚፈራውንም ቃል አንርሳ፤ «ዴድላይን»። ሪፖርት የሚገባበትን የመጨረሻ ቀን እንዲህ እንላለን። ቃሉ የተወለደው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ በ1864 ገደማ፥ በእስረኞች ሰፈር ነው። በሰፈሩ ውስጥ መስመር ይሰመርና ያን የተሻገረ እስረኛ በጥይት ይመታ ነበር፤ ትርጕሙም የሞት መስመር ነው። በከተማ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ቢዘገይ አለቃ ይቈጣል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ከሰሃላ ስለ ዝናብ መቅረት የሚጻፍ ሪፖርት ቢዘገይ ግን፥ ቃሉ ወደ ጥንት ትርጕሙ ይመለሳል።

የሰቆጣ ስም በዓለም ገበያ

እስከ አሁን የተናገርሁት ከውጭ ወደ ዋግ ስለ መጡ ቃላት ነው። ከዋግ ወደ ውጭ የሄደም አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የመቀንጨር ችግር ለማጥፋት ቃል ሲገባ፥ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ስለ ሕፃናት ምግብ የሚሰበሰቡ ሊቃውንት የሰቆጣን ስም በእንግሊዝኛ ሲያነሡ ይሰማሉ። የጨው ገበያዋ ከተማ ስሟን ወደ ውጭ ላከች።

መቀንጨርን እንግሊዞች «ስታንቲንግ» ይሉታል። «ስታንት» የሚለው ቃል ግን በእንግሊዝኛ ሁለት ነው። አንዱ እድገትን ማቀጨጭ ነው፤ ሌላው በፊልምና በሰርከስ የሚታየው አደገኛ ትርኢት ነው። አጻጻፉ አንድ፥ ነገሩ ሁለት። ተማሪ መዝገበ ቃላቱን ቸኩሎ ገልጦ ሁለተኛውን ትርጕም ቢወስድ፥ የቀነጨረውን ሕፃን ገመድ ላይ ያስኬደዋል። ፈተና ላይ ይህ ስሕተት አንድ ማርክ ያስቀንሳል። በሥራ ላይ ግን አንድ ወረዳ ያስቀራል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከመለያየታችን በፊት አንድ ምክር ልለግስዎ። አንድ ደብተር ይግዙ፤ ገጹን በሦስት ዐምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ያገኙትን የእንግሊዝኛ ቃል ይጻፉ። በሁለተኛው አማርኛውን ይጻፉ። ሦስተኛውን ለእናትዎ ወይም ለሚያገለግሉት ሕዝብ ቋንቋ ይተዉት፤ ኽምጣንጋም ቢሆን፥ አዊኛም ቢሆን፥ ኦሮምኛም ቢሆን፥ ሌላም ቢሆን። ሦስተኛው ዐምድ ባዶ የሆነበት ቃል፥ ገና ያልገባዎ ቃል ነው። ዐምዱን የሚሞላልዎ መምህር ብዙ ጊዜ በከተማ አይገኝም፤ በገበያ ጥግ ፍየላቸውን ይዘው ከተቀመጡት ሽማግሌ ዘንድ ነው የሚገኘው። ጎንበስ ብለው፥ አባቴ፥ ይህ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል ብለው ይጠይቁ። እርሳቸውም በተራቸው፥ ተመረቅህ የሚሉኝስ ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁዎ ይሆናል። ለዚያ ጥያቄ መልስ ይዘው ይሂዱ።